የተተነበየውና የተቆጠረው፦ የአራዳ ነጥብ



ዛሬ ወደዚህ ስመጣ በፒያሳ በኩል አለፍሁ። በ2016 ዓ.ም. ቤቶች የፈረሱበትን ሰፈር ሳይ አንድ ቁጥር ትዝ አለኝ፤ 211,501። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአራዳ ክፍለ ከተማ የተቆጠረው ነዋሪ ነው።

ከዚያ ቆጠራ በፊት ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ከ1987ቱ ቆጠራ ተነሥቶ የየክልሉን ሕዝብ ይተነብይ ነበር። አማራ ክልል ከ19 ሚሊዮን በላይ፣ አዲስ አበባ 3 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ ተብሎ ተጠበቀ። የተቆጠረው 17.2 ሚሊዮንና 2,739,551 ሆነ። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራው ጉድለት ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ የሕዝብ ቁጥር ለክልሎች በሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ ቀመር ውስጥ ይገባልና።

እስኪ ትንበያውን በአግድሙ፣ ቆጠራውን በቋሚው ዘንግ አድርገን ክልሎቹን በነጥብ እናስፍራቸው። ትልልቆቹ ላይ፣ ትንንሾቹ ታች ስለሚሰለፉ የተዛምዶው መለኪያ ወደ 1 ይጠጋል። ተማሪ ሳለሁ ይህን አይቼ «ትንበያው ሰምሯል» ባልሁ ነበር። ነገር ግን ትንበያው ሁሉ በአሥር በመቶ ቢጋነን እንኳ ተዛምዶው አይለወጥም። ብላንድና አልትማን በ1986 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ለሐኪሞች ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ ልዩነቱን ራሱን ሣሉት፣ ተዛምዶን ከስምምነት አታምታቱ። በእኛ ሥዕል መታየት ያለበት እያንዳንዱ ነጥብ ከአርባ አምስት ዲግሪው መሥመር ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ የአማራው ነጥብ ከሁለት ሚሊዮን ሰው በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ዝቅ ያለው ትንበያው ስለተጋነነ ነው ወይስ ቆጠራው ሰው ስለዘለለ? ሥዕሉ ይህን አይመልስም፤ «የተስተዋለ» የምንለውም በሰው እጅ የተመዘገበ ነው። ለአዲስ አበባ ሌላ ማስረጃ አለን፦ የ2005 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የከተማይቱን ጠቅላላ የውልደት መጠን በአንዲት ሴት 1.4 ልጅ አድርጎታል። ከዚህ በመነሣት በከተማይቱ ረገድ ትንበያውን መጠርጠር ይቀናኛል። ለአማራ ክልል ግን እንዲህ ለመናገር አልደፍርም።

ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ እስከ 2037 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ትንበያ ወጥቷል። አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ትንበያው የሚያሰላው ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ነው፤ የፒያሳን መፍረስ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በወረቀቴ ላይ ለዛሬዋ አራዳ በአግድሙ ዘንግ ምልክት አድርጌያለሁ፤ በቋሚው ዘንግ የማሰፍረው ቁጥር ግን የለኝም።