ሦስት ባይት ለአንድ ፊደል፦ ኮምፓይለርና የግዕዝ ፊደል

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 ኤ-0 የተባለውን ሥርዓት ለዩኒቫክ ስታዘጋጅ፣ የሥርዓቱ ዋና ተግባር ቀደም ብለው የተጻፉ ንዑስ ፕሮግራሞችን በየቁጥራቸው እየጠሩ በአንድነት መሰብሰብ ነበር። «ኮምፓይለር» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚሁ መሰብሰብ ነው። ኋላ ተግባሩ ወደ ትርጉም ሲያዘነብል ስሙ እንዳለ ቀረ። ዜናና መረጃ ለሚሰበሰብበት ሥራ የሚነገረው የአማርኛው «ማጠናቀር» እንግዲህ ለመነሻው ፍቺ እጅግ የቀረበ ነው፤ ለዛሬው ተግባር ግን «መተርጎም» በተሻለ ይስማማዋል።

ከስያሜው ይልቅ ከባዱ የፊደሉ ጉዳይ ነው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ሲ የተባለውን ቋንቋ ከነኮምፓይለሩ ሲሠራ፣ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይያዛል የሚለው ግምት ከቋንቋው ጋር ተዋሐደ። 128 ቦታ ብቻ ላለው አስኪ ይህ ይበቃል። ከ300 በላይ ምልክቶች ያሉት የግዕዝ ፊደል ግን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል።

ንድፉ አስኪን ሳይነካ ማለፉ ብልኅነት ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ፊደላት ናቸው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሲሆን የሲ መደበኛ የርዝመት ቆጣሪ 9 ብሎ ይመልሳል። የቃልን መድረሻ ለመለየት የመጨረሻውን ባይት የሚቆርጥ ፕሮግራም ከ«ም» ሲሶውን ብቻ ያገኛል። በመድረሻው ጾታና ቁጥር ለሚለይ ቋንቋ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ኮምፓይለሩም አያስጠነቅቅም፤ በእርሱ ዘንድ ስህተት የለምና። ስህተቱ የሚገለጠው ፋይሉ በኦዲ ትእዛዝ ባይት በባይት ሲታይ ነው፦ «ሰ» 341፣ 210፣ 260 ሆና ትነበባለች።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 ያወጣው ጂሲሲ የተለዋዋጮችን ስም በቀጥታ በዩቲኤፍ-8 መቀበል የጀመረው በ10ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከዚያ በፊት ስሙን በግዕዝ ለመሰየም የፈለገ ሰው በፊደሉ ፈንታ የዩኒኮድ ቁጥሩን ይጽፍ ነበር፤ ይህንንም ማንበብ የሚችል አንባቢ ጥቂት ነው። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ግን ዛሬም እንግሊዝኛ ናቸው።