ለዓባይ የጠየቅነውን ፍትሕ ለኦሞ አንንፈገው

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን አባባል የማውቀው እንደ እንጉርጉሮ ነበር፤ ወንዙ አፈራችንን ይዞ ይሄዳል፣ እኛ ቆመን እንሸኘዋለን። ዕድሜ ጨምሮ ሰነዶቹን ራሴ ማገላበጥ ስጀምር ግን ነገሩ ከእንጉርጉሮ ይልቅ የውል ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ማን ከማን ጋር ተዋዋለ? ማንስ ሳይጠራ ቀረ? የዛሬው ጽሑፌ ይህን ታሪክ በአጭሩ ከቃኘ በኋላ ለእኛ ለራሳችን የማይመች አንድ ጥያቄ ያነሣል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አንቀጽ፣ አንድ ቃል

ከዓድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያ ቅኝ ገዢ ጎረቤቶቿን በውል ለማሰር በምትጥርበት ዘመን፣ በ1902 ዓፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። የውሉ ዋና ጉዳይ የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ግን ስለ ውሃ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር አስቀድመው ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ላለመሥራትና ላለማሠራት ቃል ገቡ።

ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው «የሚያቆም» በሚለው ሐሳብ ዙሪያ ነው። የታችኛው ተፋሰስ ጠበቆች አንቀጹን «ያለ ፈቃድ አትንኩ» ብለው ያነቡታል። የእኛዎቹ ደግሞ ወንዝን ፈጽሞ መድፈንና ከወንዝ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ምኒልክ የተዉት መድፈንን እንጂ መጠቀምን አይደለም ይላሉ። በእኔ እምነት ሁለተኛው ንባብ ለቃሉ የቀረበ ነው። በአንቀጹ ውስጥ ግብፅ በስሟ አለመጠቀሷም ልብ ሊባል ይገባል።

እንግሊዝ ራሷ ይህን ውል እንዴት እንደተረጎመችው በ1925 ታየ። በዚያ ዓመት ከጣሊያን ጋር በተለዋወጠችው ደብዳቤ ጣሊያን የእንግሊዝን የጣና ፍላጎት እንድትደግፍ፣ እንግሊዝም በምላሹ ጣሊያን በምዕራብ ኢትዮጵያ የምትፈልገውን የኢኮኖሚ የበላይነት እንድታውቅላት ተስማሙ። የቤቱ ባለቤት አልተጠየቀም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ግን ዝም አላሉም፤ ኢትዮጵያ በ1923 አባል ለሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር በ1926 አቤት አሉ። በቀጣዩ ዓመት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው በጣና ላይ ስለሚሠራ ግድብ ከአንድ የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር አነጋገሩ። የጣሊያን ወረራ ዕቅዱን አጨናገፈው እንጂ «ወንዙን ለማልማት የማንንም ቡራኬ አንጠብቅም» የሚለው አቋም በ2011 የተወለደ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ሁለት ሰዎች የተካፈሉት ማዕድ

በ1929 እንግሊዝ፣ በሱዳን ስም፣ ከግብፅ ጋር ተስማማች። ለግብፅ 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተመደበ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ሁለቱ አገሮች በ1959 ክፍፍሉን አሻሻሉት። አስዋን ላይ በዓመት በአማካይ ይደርሳል ከተባለው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ 10 ቢሊዮን ያህሉ ለትነትና ለብክነት ተተወ፤ የቀረው 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ሆነ። ይደመር፤ 84 ሞልቷል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉን ለምታመነጨው አገር የተረፈ ጠብታ የለም።

ኢትዮጵያ ስምምነቱ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት አስቀድማ፣ በ1957፣ በግዛቷ ባሉት ውሃዎች የመጠቀም መብቷ የተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቃ ነበር። የሚገርመው ደግሞ የ1959ኙ ውል ራሱ በር አልዘጋም። ሌሎች የተፋሰሱ አገሮች ድርሻ ቢጠይቁ ሁለቱ በጋራ ይመለከቱታል፤ የተፈቀደውም መጠን ከሁለቱ ድርሻ እኩል ይቀነሳል ይላል። ባለመብቱ ለማኝ፣ ተካፋዮቹ ሰጪ ሆነው የተጻፈ ቢሆንም፣ ሌላ ባለድርሻ ሊኖር እንደሚችል ግን በእጃቸው ፈርመዋል።

ከቅኝ አገዛዝ የወጡት የላይኛው ተፋሰስ አገሮችም ዝም አላሉም። የጁሊየስ ኔሬሬ መንግሥት በ1962 የ1929ኙ ስምምነት ታንጋኒካን እንደማያስራት አስታወቀ። እንግሊዝ የፈረመችውን ነፃ አገር የመውረስ ግዴታ የለባትም የሚለው ይህ አስተሳሰብ ነው ከብዙ ዘመን በኋላ እንቴቤ ላይ ፍሬ ያፈራው። በሜይ 2010 ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነቱን ፈረሙ፤ ኬንያና ቡሩንዲ ተከተሉ። ስምምነቱ በኦክቶበር 2024 በሥራ ላይ ሲውል ግብፅና ሱዳን ከውጭ ነበሩ። ሴፕቴምበር 2025 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ በአለቃቀቁ ላይ ግን ሦስቱን አገሮች የሚያስር ውል አልተገኘም ነበር።

እዚህ ላይ ለግብፅም እውነቱን መስጠት ይገባል። ዝናብ ከሞላ ጎደል የማታውቅ አገር ናት። ተከታታይ የድርቅ ዓመታት ሲመጡ ከግድቡ ስንት ይለቀቅልኛል ብላ መጠየቋ ነውር የለውም። ነውሩ ጥያቄውን በ1959ኙ ቁጥር ላይ ማቆሟ ነው። ፍትሐዊ ክፍፍል የሕዝብ ብዛትን፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን፣ ለውሃው ያለውን ጥገኝነት ሁሉ ይመዝናል እንጂ «ቀድሜ ጠጥቻለሁ» የሚለውን ብቻ አይሰማም።

አሁን መስተዋቱን ወደ ራሳችን

ውድ አንባቢያን፣ እስከዚህ ድረስ አብዛኞቻችሁ ራሳችሁን በአዎንታ እየነቀነቃችሁ እንዳነበባችሁ እገምታለሁ። እንግዲህ የማይመቸው ጥያቄ ይህ ነው። የላይኛው ተፋሰስ አገር የሆንነው ለዓባይ ብቻ ነውን?

የቱርካና ሐይቅ ከሚያገኘው የወንዝ ውሃ እጅግ የሚበዛው ከኦሞ ይሄዳል። በዳርቻው የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችና ከብት አርቢዎች በአብዛኛው ኬንያውያን ናቸው። ግልገል ጊቤ 3 በ2016 ሲመረቅ፣ በታችኛው ኦሞም የሸንኮራ እርሻ ሲስፋፋ፣ የእነዚያ ሰዎች ድምፅ በጋዜጦቻችን ስንት ጊዜ ተሰማ? ዩኔስኮ በ2018 የቱርካናን ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ ያነሣው ምክንያት ግድቡን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ሐይቁ በዝናብ ብዛት ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቋል፤ ስለዚህ «ይደርቃል» የተባለው አልሆነም ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ዝናብ ውል አይደለም። በደጉ ዓመት የተሸፈነ ጥያቄ በክፉው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

ዋቢ ሸበሌና ገናሌም እንዲሁ ናቸው። የሶማሊያ እርሻ የሚንጠለጠለው በእነዚህ ሁለት ወንዞች ላይ ነው፤ አብዛኛው ውሃቸውም የሚነሣው ከእኛ ደጋ ነው። በእነዚህ ወንዞች አጠቃቀም ላይ ሁለቱን አገሮች የሚያስር ስምምነት የለም። ሞቃዲሾ ለረጅም ዘመን ጠንካራ መንግሥት አልነበራትምና አጥብቆ የጠየቀን አልነበረም። ጠያቂ አለመኖሩ ግን ዕዳ አለመኖሩን አያሳይም። በ1902 እኛስ እንግሊዝን ለመጠየቅ ምን ያህል አቅም ነበረን?

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሳነሣ «ለጠላት መሣሪያ አታቀብል» ይሉኛል። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። እንቴቤ ላይ የፈረምነውን የፍትሐዊ አጠቃቀም መርሕ ማንም ሳያስገድደን ለኦሞና ለሸበሌ ብንሠራበት፣ የውሃ መረጃ ብናካፍል፣ ከኬንያና ከሶማሊያ ጋር ቁጭ ብለን ውል ብንዋዋል፣ ካይሮ ላይ የምናሰማው ቃል ክብደት ይጨምራል። መርሕ ለራስ ሲጠቅም ብቻ የሚጠራ ከሆነ ስሙ ጥቅም ነው። ግብፅን ለመቶ ዓመት የከሰስንበትን ጠባይ ራሳችን ከወረስነው ደግሞ ልጆቻችን የቱርካናን ልጅ ዓይን በምን ፊት ያዩታል?

ቸር እንሰንብት።