ሥጋው ወጣ፤ መረቁስ?

ጓንዡ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ረሃብ ጠናብኝ። ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ የደቡብ ቻይና ከተማ ምግብ አያጣም። ነገር ግን በየደረስኩበት ድስት የአሳማ ሥጋ አለ፤ እኔ ደግሞ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። በአውሮፕላን አብረውኝ የመጡ አንድ የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ «ሐጂ» እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት፣ ጭንቀቴን አይተው ሳቁና «ተከተለኝ» አሉኝ።

የወሰዱኝ አረንጓዴ ሰሌዳ ወደ ተሰቀለበት ጠባብ ቤት ነበር። በሩ አጠገብ ነጭ ቆብ ያደረገ ወጣት ሊጥ ይስባል። ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል፣ መልሶ ይዘረጋዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ፣ በስምንተኛው እጥፋት 256 ክር ይሆናል። ቢላ የለ፣ መኪና የለ። ቻይኖች «ላሚየን» ይሉታል፤ የተሳበ ኑድል ማለት ነው።

የምግቡ አገር ግን ጓንዡ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ቢጫው ወንዝ አቋርጧት የሚያልፈው የላንዡ ከተማ ናት። በተለምዶ እንደሚነገረው፣ ማ ባኦዚ የተባለ የሁዊ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1915 በበሬ ሥጋ መረቅ የተሠራ ኑድል መሸጥ ጀመረ። ሁዊዎች ቻይንኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ናቸው። ዘራቸውም ከታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን አንስቶ ወደ ቻይና ከመጡት የዐረብ፣ የፋርስና የመካከለኛው እስያ ሰዎች ጋር የተጋባ ነው። ላንዡ ላይ ይህ ምግብ የቁርስ ያህል የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዋጋው ሲንር የከተማዋ ባለ ሥልጣናት የዋጋ ጣሪያ እስከማውጣት ደርሰዋል።

ይሁንና ሰሌዳው «ላንዡ» ቢልም፣ በሌሎቹ ከተሞች ካሉት ከእነዚህ ቤቶች የብዙዎቹ ባለቤቶች የላንዡ ሰዎች አይደሉም። ከአጎራባቹ የቺንግሃይ ክፍለ ሀገር፣ ህዋሎንግ ከተባለ ተራራማና ድሃ ወረዳ የተሰደዱ ናቸው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዘመድ ዘመዱን እየሳበ በየከተማው ተበተኑ። የመርካቶን አመጣጥ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አሳማ በሚበላበት አገር ድስታቸውን ለይተው መኖራቸው፣ እንጀራ ሆናቸው። የተለየው ድስት ደግሞ ደጁን ለሁሉም ከፈተ።

ምግቡ ቀረበ። ከላዩ በስሱ የተከተፈ የበሬ ሥጋ አለ። እጄ ቀረ። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቡና ተጠራርቷል፣ ቀብር ተሸኛኝቷል፤ ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ድስቱ ይለያል። አያቴ ሥጋ ባየች ቁጥር «ማን ባርኮት ነው?» ትል ነበር። እኔም ቁርጥራጩን በዝምታ እየለቀምኩ ሐጂ ሳህን ውስጥ አኖርኩት። አልተቀየሙም። ኑድሉን በላሁ፤ መረቁንም ፉት አልኩ። ይኼኔ ቀና ብለው፦

«ሥጋውስ ወጣ፤ መረቁስ ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መረቁ ከዚያው በሬ አጥንት ሲንተከተክ የዋለ ነው። ሳቅን። ከዚያ ወዲያ እዚያው ተመላለስኩ፤ ሥጋውንም አላወጣሁም።

አዲስ አበባ ተመልሰን ሐጂ ለኢድ ጠሩኝ። እንደ ባህሉ፣ ለክርስቲያን እንግዶቻቸው ክርስቲያን ያረደው በግ ለብቻው ተሠርቶ ነበር። ሐጂ ሁለቱን ድስት አሳዩኝና ዝም ብለው ተመለከቱኝ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። እኔም ለክርስቲያኖች ከተለየው በላሁ።

ሐጂ አንድም ቃል አልተናገሩም። በሰው አገር የተሻገርኩትን ደጃፍ፣ በአገሬ ሳልሻገረው ቀረሁ።