ቋሚ ተክል፦ ትርጉሙና የካሳው ታሪክ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት እየተቀየሰ መንገድና መኖሪያ ቤት ሲሠራበት ከችካሉ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም በማሳው ላይ ያለው ተክል ከየትኛው ወገን ይቆጠራል የሚለው ነው።

ቋሚ ተክል የሚባለው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ የሚኖርና እንደገና ሳይዘራ በየጊዜው ምርት የሚሰጥ ነው። ጤፍና ስንዴ በተዘሩበት ዓመት ይታጨዳሉ፤ ቡናና ጌሾ ግን ከነሥራቸው ሳይነቀሉ ለብዙ ዓመታት ይለቀማሉ። እንግዲህ መለኪያው የተክሉ ቁመት ሳይሆን ዕድሜው ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛፍንና አዝመራን ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ አካል አድርጎ ይቆጥራል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ግን መሬቱ መሸጡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለባለይዞታው የሚገመትለት ዋነኛ ነገር በመሬቱ ላይ ያለው ንብረትና ድካሙ በመሆኑ የተክሉ ትርጉም ክብደት አገኘ።

የካሳ ደንብ ቁጥር 135/1999 ሰብልን፣ ቋሚ ተክልንና ዛፍን ለያይቶ አስቀመጠ። ምርት መስጠት የጀመረ ቋሚ ተክል በአማካይ ዓመታዊ ምርቱና በአካባቢው ወቅታዊ ዋጋ፣ ለመሬቱ ቋሚ ማሻሻያ የወጣው ወጪ ተጨምሮበት ይሰላ ነበር፤ ገና ያልጀመረው ግን ለማሳደጊያ በወጣው ወጪ ብቻ ይገመት ነበር። ቡና ለምርት እስኪደርስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ስለሚወስድ፣ ቅየሳው አንድ ዓመት መቅደሙ ወይም መዘግየቱ ስሌቱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያዛውረዋል።

ከድንበሩ ላይ የሚቆሙ ተክሎችም አሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ ሆኖም ጥቅሙ እንጨቱ ስለሆነ ከዛፍ ይመደባል። እንሰት ደግሞ ለዓመታት ቢቆይም ለቆጮ ሲፈለግ ሁለመናው ተነቅሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ዓመታዊ ምርትን ለሚጠይቅ ቀመር አይመችም።

የማስለቀቂያው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቢተካም ተክልን ለይቶ የመመዝገቡ ሥራ አልቀረም። ስለሆነም ችካል የሚተክል ቀያሽና መሐንዲስ የተክሉን ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን፣ ዕድሜውንና የምርት ደረጃውን አጣርቶ ሊመዘግብ ይገባል። ተክሉ ከተነቀለ በኋላ የገበሬው ምስክር ያ መዝገብ ብቻ ነውና።