የሚረጭ የመኪና ቀለም መከላከያ ሽፋን

የሚረጭ የቀለም መከላከያ በተሽከርካሪ ቀለም ላይ በስፕሬይ ጠርሙስ ወይም በጣሳ ተረጭቶ በጨርቅ ተወልውሎ የሚደርቅ ስስ ሽፋን ነው። ዓላማው ቀለሙን ከፀሐይ፣ ከአቧራ፣ ከወፍ ኩስና ከውሃ እድፍ መጠበቅ፣ እጥበትንም ማቅለል ነው። በገበያ ላይ «ስፕሬይ ሰም»፣ «ሲላንት»፣ «ሴራሚክ ስፕሬይ»፣ «ናኖ» በሚሉ ስሞች ይሸጣል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ከሚለው ያነሰ ነው። ውጤቱን የሚወስነውም ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ይልቅ ከመርጨቱ በፊት የሚደረገው እጥበትና ዝግጅት ነው።

የሚጠበቀው ቀለም

ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም በርካታ ድርብርብ ሽፋኖች አሉት። ብረቱ በመጀመሪያ በፎስፌት ይታከማል። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጣበቅ ጸረ ዝገት፣ ከዚያም ፕራይመር፣ ከዚያም መልኩን የሚሰጠው ቀለም ይከተላል። ከሁሉም በላይ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ የራሱ መልክ የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ይደረባል። ሁሉም ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይወፍራሉ፤ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። 1 ማይክሮን ከ1 ሚሊ ሜትር 1 ሺህኛው እጅ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚመክቱት ኬሚካሎች ያሉት በዚሁ ስስ ክሊር ውስጥ ስለሆነ ተፍቆ ወይም ተቃጥሎ ካለቀ በሰምም ሆነ በስፕሬይ አይተካም።

ክሊር በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ መኪኖችና በየጋራዡ በአንድ ወጥ ቀለም በድጋሚ የተቀቡ ክሊር የላቸውም። ለመለየት ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ የማይታይ ቦታን፣ ለምሳሌ የበሩን የታችኛ ጠርዝ፣ ማሸት ነው። ጨርቁ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከተነሣ የታሸው ቀለሙ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ደጋግሞ በፖሊሽ መፋቅ ቀለሙን መጨረስ ነው።

ቀለምን የሚጎዱት ነገሮች እንደየአገሩ ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደጅ የሚያድር የመኪና ጣሪያና ኮፈን ቶሎ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ግንባታ በበዛበት ሰፈር የሲሚንቶ ብናኝ ይጨመርበታል። ብናኙ አልካላይን በመሆኑ ጤዛ ወይም ካፊያ ካገኘው ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይጠነክራል። የወፍ ኩስ ደግሞ ዩሪክ አሲድ አለው፤ ፀሐይ ባሞቀው ክሊር ላይ ጥቂት ከቆየ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ፣ አሸዋውና የባሕሩ ጨው አብረው ይሠራሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በክረምት የሚገጥማቸው መንገድ ላይ የሚበተነው በረዶ ማቅለጫ ጨው ነው። ጨው በይበልጥ የሚበላው የመኪናውን የታችኛ አካልና ጠጠር የፈነቀለውን ቦታ በመሆኑ በሩና ኮፈኑ ላይ የሚረጭ ሽፋን ለዚህ ብዙም አይረዳም።

ከሰም ወደ ሲሊካ

የቀድሞው መከላከያ ሰም ነበር። ከሰሞች ሁሉ የተከበረው ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን የሚቀልጠው በ82 እና በ86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ጥልቅ ውበት ይሰጣል፤ ነገር ግን ጥቁር ኮፈን በጠራራ ፀሐይ ከ70 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል ሰሙ ይለሰልሳል። ሳሙናም ያጥበዋል። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት እስከ 2 እና 3 ወር ቢቆይ ነው።

ለውጡን ያመጣው ሲሊኮን ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት ዩጂን ሮቾው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሊኮን በርካሽ የሚመረትበትን መንገድ አገኘ፤ በ1943 ደግሞ ዳው ኬሚካልና ኮርኒንግ በጋራ ዳው ኮርኒንግን መሠረቱ። ሲሊኮን ፖሊሽ ውስጥ ሲገባ ሰዓታት የሚፈጀው ሰም የመቀባት ሥራ ወደ ደቂቃዎች ወረደ። ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች መጡ። በዚያ ዘመን ቴፍሎን የያዙ ፖሊሾችም ብዙ ተወራላቸው፤ ነገር ግን ቴፍሎን የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው። ድስት ላይ የሚጣበቀው በከፍተኛ ሙቀት ተጋግሮ ነው፤ የመኪና ቀለም ያን ሙቀት አይችልም።

ዛሬ «ሴራሚክ» የሚባሉት ስፕሬዮች መሠረታቸው ሲሊካ፣ ማለትም ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን የተፈጨ ሸክላ አይደለም። በውሃ ወይም በማሟሚያ የተበረዙ ሲሌን፣ ሲሎክሴን ወይም ፖሊሲላዜን የተባሉ ውህዶች ናቸው። ከቀለሙ ገጽና ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝተው እርስ በርስ እየተያያዙ መስታወት መሰል መረብ ይሠራሉ። ባለሙያዎች ጠብታ በጠብታ የሚቀቡት ወፍራሙ ሴራሚክ በአግባቡ ከተሠራ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። የሚረጨው ዓይነት ለአጠቃቀም እንዲቀል በጣም ስለሚበረዝ የሚተወው ሽፋን ከ1 ማይክሮን ያነሰ ነው። ጠርሙሱ ላይ 6 ወር ወይም 1 ዓመት ቢጻፍም ደጅ ለሚያድርና በየሳምንቱ ለሚታጠብ መኪና ጥቂት ወራት መቁጠር ይበቃል።

ውሃው ስለተንከባለለ

ሻጮች ሁሉ የሚያሳዩት አንድ ትርኢት ነው። ግማሹ በተረጨ ኮፈን ላይ ውሃ ያፈሳሉ፤ በተረጨው በኩል ውሃው ድቡልቡል እየሆነ ይሸሻል፣ በሌላው በኩል ይነጠፋል። ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ያጠናው እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1805። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ሲበልጥ ገጹ ውሃ ጠል ይባላል። ጥሩ ስፕሬይ 100 እና 110 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የቦን ዩኒቨርሲቲው ቪልሄልም ባርትሎት ያጠናው የሎተስ ቅጠል ግን ከ150 ይበልጣል፤ ይህም የሆነው ቅጠሉ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ወጣ ገባዎች ስላሉት ነው። ልስልስ ያለ የመኪና ቀለም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በማስታወቂያ የሚነገረው «ራሱን የሚያጥብ መኪና» የለም።

ከዚህም በላይ የውሃው መንከባለል ገጹ ውሃ መጥላቱን እንጂ ቀለሙ ምን ያህል እንደተጠበቀ አይለካም። ርካሽ የሲሊኮን ቅባትም ለጥቂት ቀን ያንከባልለዋል። ድቡልቡሉ ጠብታ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ደግሞ በውስጡ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዥየም በክብ እድፍ መልክ ይቀራል፤ ጠንካራ የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ እጥበት ቤቶች ይህ ጎልቶ ይታያል። የተረጨ መኪናም ታጥቦ መድረቅ አለበት።

«9ኤች» የሚለው ምልክትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ የእርሳስ ፈተና ነው፦ እርሳስ በ45 ዲግሪ ተዘንብሎ በ750 ግራም ጫና ገጹ ላይ ይገፋል፤ ገጹን ሳይጭር ያለፈው ጠንካራው እርሳስ ይመዘገባል። 9ኤች ከእርሳሶቹ ጠንካራው ማለት ነው። ከሞዝ የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ በዚያ መለኪያ 9 የሚያገኘው እነሩቢ የሚመደቡበት ኮረንደም ነው። ተራ አሸዋ ማንኛውንም ክሊር ይጭራል፤ ከ1 ማይክሮን በታች የሆነ ሽፋንም አያቆመውም። ጠጠርን መመከት የሚችለው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍረው ግልጽ የፕላስቲክ ፊልም ነው፤ እሱም በዋጋ ከስፕሬይ ጋር አይገናኝም።

ዝግጅትና አረጫጨት

ስፕሬይ ከሥሩ ያለውን ይዞ ይደርቃል። አቧራ ካለ አቧራውን፣ ጭረት ካለ ጭረቱን ያሽጋል። ስለዚህ የሥራው አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ጠርሙሱ ሳይከፈት ነው።

የመጀመሪያው እጥበት ነው። በብዙ ላቫጆ የሚታየው ጉዳት የሚመጣው ከጨርቁ ነው፤ ጎማና ቸርኬ ያበሰው ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ነከር ተደርጎ ኮፈን ላይ ያርፋል፣ የያዘው ደቃቅ አሸዋም ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታይ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል። ለጎማና ለአካል የተለያየ ጨርቅ፣ ለሳሙናና ለማለቅለቂያ የተለያየ ባልዲ ማዘጋጀት ከማንኛውም ሴራሚክ በላይ ቀለም ያድናል። እጥበቱ ከጣሪያ ወደ ታች ይሁን፤ ሳሙናውም የመኪና ሻምፑ ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ያለውን መከላከያ ሁሉ ያነሣል፣ ጎማና ፕላስቲክንም ያደርቃል።

መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ኮፈኑን ቀስ ብሎ መዳበስ ነው። በባዶ እጅ ልስልስ የመሰለው ቀለም በፌስታል ሲነካ ሸካራ ሆኖ ይገኛል። ሸካራው የተጣበቀ የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና ሲሚንቶ ነው። የፍሬኑን ብናኝ የሚያወጣው ብረት ማሟሚያ ፈሳሽ ነው፤ ሲረጭ ብረቱ ባለበት ሁሉ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጅረት ይወርዳል፣ ሽታውም ይከብዳል። እንዳይደርቅ በፍጥነት ይታጠባል። የቀረውን ክሌይ የሚባለው እንደ ሊጥ የሚታሽ ማጽጃ ያነሣዋል፤ ገጹ በሳሙና ውሃ ረጥቦ ክሌዩ በቀላሉ ይንሸራተታል እንጂ አይጫንም። ክሌዩ መሬት ከወደቀ መጣል አለበት፤ የያዘው አሸዋ አይለቅምና።

ጭረት ካለ ከመርጨቱ በፊት በፖሊሽ ይወጣል። ፖሊሽ በተፈጥሮው ክሊር ፋቂ ስለሆነ በየጊዜው የሚደረግ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ የቀረው ቅባት ከ10 እስከ 25 በመቶ ሆኖ በውሃ በተበረዘ ኢሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ በቅባት ላይ የተረጨ ሴራሚክ ግን ቀለሙን አይዝም፣ በሁለተኛው እጥበት አብሮ ይሄዳል።

መርጨቱ ራሱ ቀላል ነው። ቦታው ጥላ፣ ገጹ ለእጅ ቀዝቃዛ፣ የአየሩ ሙቀት ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በዱባይ ወይም በጅዳ ቀን መሥራት ፈሳሹን ሳይወለወል ያደርቀዋል፤ ምድር ቤት ማቆሚያ ወይም ሌሊት ይሻላል። ሥራው በአንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ነው፦ ግማሽ ኮፈን፣ አንድ በር፣ አንድ ፓራፋንጎ። ነፋስ ካለ ቀለሙ ላይ ሳይሆን ማይክሮፋይበር ጨርቁ ላይ 2 ወይም 3 ጊዜ ይረጫል። በመጀመሪያው ጨርቅ ቀጥ ባለ መስመር ይዳረሳል፤ ወዲያው በደረቅ ሁለተኛ ጨርቅ ምንም መስመር እስከማይቀር ይወለወላል። አብዝቶ መርጨት ጥበቃ አይጨምርም። ያልተወለወለው ትርፍ ይደርቅና ዘይት የነካው ውሃ የሚመስል ቀስተ ደመናማ እድፍ ይሆናል፤ ከጠነከረ በፖሊሽ ካልሆነ አይወጣም። ለዚህ በባትሪ መብራት ከጎን እያዩ መሥራት ይረዳል።

በእርጥብ መኪና ላይ ተረጭተው በግፊት ውሃ የሚታጠቡ ዓይነቶችም አሉ። ለጀማሪ ይፈጥናሉ፣ ዕድሜያቸው ግን ያጥራል።

ከተወለወለ በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውሃ እንዳይነካው ይደረጋል። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ይህን ጊዜ ስለማይሰጥ ሥራው ከመስከረም በኋላ ቢሆን፣ ካልሆነም መኪናው ጣሪያ ሥር ቢያድር ይመከራል።

ጤናና ደኅንነት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በጀርመን «ማጂክ ናኖ» የተባለ የመስታወትና የመታጠቢያ ቤት ስፕሬይ የተጠቀሙ በርካታ ሰዎች በመተንፈሻ ችግር ተጠቁ፤ ጥቂቶቹም ሐኪም ቤት ገቡ። ምርመራው በኋላ እንዳሳየው ምርቱ ስሙ የሚለው ናኖ ቅንጣት አልነበረውም። ችግሩ የታየውም በጋዝ ግፊት በሚረጨው ጣሳ እንጂ በእጅ በሚጨመቀው ጠርሙስ አልነበረም። ጣሳው የሚያወጣው ጉም እጅግ ደቃቅ ሆኖ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ በእጅ የሚጨመቅ ጠርሙስ መምረጥ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አለመርጨት፣ ጓንትና ጭንብል ማድረግ ተገቢ ነው። ጣሳዎቹ የሚገፉበት ጋዝ ብዙ ጊዜ ተቀጣጣይ በመሆኑ ሲጋራና ብየዳ በአቅራቢያው አይኑሩ።

ስፕሬዩ የፍሬን ዲስክን፣ የጎማን መሬት የሚነካ ገጽ፣ መሪንና ፔዳልን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ያንሸራትታል፣ ፍሬንም ያሳጣል። የፊት መስታወት ላይ ካረፈ ዝናብ መጥረጊያው እየተንቀጠቀጠ እይታ ያደበዝዛል።

የማይረጭባቸው ቀለሞች

ጋራዥ የተቀባ አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ማሟሚያ ተንኖ እስኪያልቅ ቢያንስ 30 ቀን መታገሥ ይኖርበታል። የፋብሪካው ግን በ140 ዲግሪ ገደማ የተጋገረ ስለሆነ መጠበቅ አያሻውም። አሁን ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የሚገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ክሊራቸው ሙሉ ስለሆነ ከስፕሬይ ይጠቀማሉ። ማት ቀለም ለእሱ በተሠራ ምርት ብቻ ይያዛል፤ ሰም ከነካው ዥንጉርጉር ያንጸባርቃል። ክሊሩ መላጥ የጀመረ መኪና ደግሞ ከስፕሬይ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ገንዘቡ ለቅብ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ሲሊኮን የቀቢ ጠላት ነው። ጥቂት ቅሪት እንኳ በአዲስ ቀለም ላይ ዓሣ ዓይን የሚባሉትን ክብ ጉድጓዶች ይፈጥርና ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። መኪናዎን ለቅብ ሲያስገቡ ምን ዓይነት ስፕሬይ እንደተጠቀሙ ቀቢው የብርጭቆ ወረቀት ከማንሣቱ በፊት ይንገሩት፤ ጠርሙሱ ካለም ይውሰዱለት።