የሩጫ ሒሳብ፦ ያልተለካ ርቀት ሯጩን ያታልላል

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ አጠናቆ ወርቅ ወሰደ። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ተከተለው። ሃያ አምስት ዙር ከተሮጠ በኋላ ወርቁን ከብሩ የለየው የሰከንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ 12 መቶኛ ነበር። ዓይን ማን እንደቀደመ ቢያይም፣ በምን ያህል እንደቀደመ የሚናገረው ቁጥር ነው።

የመም ልኬት

የመደበኛ መሮጫ መም የውስጠኛው ዙር 400 ሜትር ነው። ስለዚህ 5 ሺህ ሜትር 12 ዙር ተኩል፣ 10 ሺህ ሜትር ደግሞ 25 ዙር ይሆናል። የእያንዳንዱ መም ስፋት 1.22 ሜትር ሲሆን፣ ወደ ውጭ በተኬደ ቁጥር ኩርባው ይረዝማል። በ400 ሜትር ውድድር ሯጮች በአንድ መስመር ሳይሆን ተበላልጠው የሚነሡት ለዚህ ነው። የሁለተኛው መም ሯጭ ከመጀመሪያው 7.04 ሜትር ቀድሞ ቢቆምም ብልጫ አያገኝም፤ ሁለቱም የሚሮጡት እኩል 400 ሜትር ነው።

ትንሽ በትንሽ የሚገኝ ድል

አትሌት ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1998 የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን 26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ አደረሰው። አትሌት ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራሰልስ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ። ልዩነቱ 5.22 ሰከንድ ነው። ለ25 ዙር ሲካፈል ለአንድ ዙር የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ እምብዛም አይበልጥም። ቀነኒሳ አንዱን ዙር በአማካይ በ63.1 ሰከንድ ጨርሷል፤ ክብረ ወሰኑም 15 ዓመት ሳይሰበር ቆይቷል።

የጎዳና ሩጫ

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሮጧል። አትሌት ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር አማካይዋ 3 ደቂቃ ከ7.5 ሰከንድ ገደማ ነበር።

የማራቶን ጎዳና ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት ይለካል። ርቀቱ በስሕተት እንዳያንስ ከሺህ አንድ፣ ማለትም 42 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። መነሻው ከመድረሻው በእጅጉ ከፍ ያለ ከሆነም ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አይጸድቅም።

ይህ ለገጠር ሯጭ ምኑ ነው?

በየቀበሌው ሜዳ የሚለማመዱ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ዙሩ 400 ሜትር ነው ብለው ይገምታሉ። ሜዳው 380 ሜትር ቢሆን 25 ዙር የሚሰጠው 9 ሺህ 500 ሜትር ብቻ ነው። ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ለሚሮጥ ወጣት የጎደለው 500 ሜትር አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ይህን ሰዓት አምኖ ትምህርቱን ወይም እርሻውን ትቶ ወደ ከተማ የሚሄድ ልጅ፣ እውነተኛው መም ላይ ሲደርስ ልቡ ይሰበራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሜዳውን በሜትር ወይም በተለካ ገመድ ሁለት ጊዜ መለካት ይገባል። ማሳ የለካ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ የላላ ገመድ ርቀቱን አብዝቶ ያሳያልና መወጠር አለበት። የየዙሩን ሰዓት በደብተር መመዝገብም ድካምና መሻሻል የት እንዳለ ያሳያል።

የአካባቢው ከፍታም መታሰብ አለበት። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አየሩ ስስ በመሆኑ የረጅም ርቀት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ በደጋ የተገኘ ሰዓት ከቆላማ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሰዓት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ወጣቱ አስቀድሞ ሊወዳደር የሚገባው በዚያው በተለካ ሜዳ ላይ ካስመዘገበው ከራሱ የቀድሞ ሰዓት ጋር ነው።