ብርቱካኗና አሥራ ስድስቱ

የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ታሪክ ሲጻፍ የብቸኞች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። አንዲት ወጣት በሰፊው በረዶ መካከል ብቻዋን ትሽከረከራለች፤ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያያል፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። እኔን የሚስበኝ ግን በኅዳግ የቀረው ሌላው ታሪክ ነው፤ ብዙዎች በአንድነት ስለሚንሸራተቱበት፣ ይልቁንም ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ በረዶው ስለሚወጡበት ስፖርት። ዛሬ ሲንክሮናይዝድ ስኬቲንግ ይባላል። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ስፖርት የልጆችና የኮረዶች እንደሆነ፣ ጎልማሶች ዘግይተው በእንግድነት እንደ ገቡበት የሚያስብ ብዙ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ።

በ1830 በለንደን የስኬቲንግ ክበብ ተመሠረተ። አባላቱ ረጅም ባርኔጣ የሚደፉ፣ ካፖርት የሚደርቡ ሰዎች ነበሩ። (ከእነርሱ የሚቀድመው የኤዲንብራው ክበብ አዲስ አባል ሲቀበል በአንድ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ከዚያም በሦስት ላይ ዘሎ እንዲያልፍ ይፈትነው ነበር። ባርኔጣውን ያዋሰውን ሰው ጭንቀት አንባቢ ይገምተው።) የለንደኖቹ ትልቁ ጨዋታ ግን ኅብረት ነበር። አንዲት ብርቱካን በረዶው ላይ ያኖራሉ፤ ማዕከላቸው እርስዋ ናት። አራት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ይከቧታል። ከመካከላቸው አንዱ፣ እንደ ዘፈን አውራጅ፣ የሚቀጥለውን ቅርጽ ስም ይጠራል፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ወደ ብርቱካኗ ይመጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይርቃሉ። ጉልበት ቀጥ ይላል፤ ክንድ ከጎን አይርቅም፤ መወራጨት ነውር ነው። ቫንደርቬልና ዊተም የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1869 ባሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዞችን የስኬቲንግ ጥበብ ከነሥርዓቱ አስፍረውታል።

ይህን ጥበብ ወደ ጥግ የገፋው ሌላ ውበት ነው። በ1860ዎቹ ጃክሰን ሄይንስ የተባለ አሜሪካዊ የባሌ ዳንስን ስልት ይዞ ቪየና ገባ፤ ከተማዋም በሙዚቃ ታጅቦ ብቻውን በሚፈስሰው ሰው ተማረከች። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት በ1892 ተቋቋመ። ስኬቲንግ በ1908 ኦሊምፒክ ሲገባ መድረኩ የብቸኞችና የጥንዶች ብቻ ሆነ። ያውም በለንደን፣ በብርቱካኗ አገር!

ኅብረቱ እንደገና የተወለደው በ1956፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በአን አርበር ከተማ ነው። ዶክተር ሪቻርድ ፖርተር ሆኬትስ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ሥራቸው በዩኒቨርሲቲው የበረዶ ሆኪ ጨዋታ የዕረፍት ሰዓት ተመልካቹን ማዝናናት ነበር፤ ወንዶቹ ላባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ማለት ነው። ከዕረፍት ሰዓት ማሟያነት ግን ቶሎ ወጣ። በ1976 ዓለም አቀፍ ውድድር በዚያችው ከተማ ተካሄደ፤ በ1994 ዓለም አቀፉ ኅብረት በይፋ ተቀበለው፤ በ2000 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በሚኒያፖሊስ ሲደረግ ዋንጫውን የስዊድኑ ቲም ሰርፕራይዝ ወሰደ። በአሜሪካ የጎልማሶች ምድብ ተከፈተ፤ ከእነርሱም ለሚበልጡት ማስተርስ የሚባል ሌላ ምድብ አለ።

ከቅርጾቹ ሁሉ ልቤን የሚይዘው መንኰራኩሩ ነው። በዓለም ሻምፒዮና አንድ ቡድን 16 ሰው ይዞ ይወጣል። ሰዎቹ ተያይዘው እንደ ጋሪ እግር ሽቦዎች ይዘረጋሉ፤ ሁሉም በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይዞራሉ። አንዱን ዙር የሚጨርሱት እኩል ነው፤ የሚሮጡት መንገድ ግን እኩል አይደለም። ከማዕከሉ አጠገብ ያለችው እግሯን በጠባብ ቦታ እየቀያየረች የሁሉንም ስበት ትሸከማለች፤ ጫፍ ላይ ያለችው ደግሞ ሰፊውን ክብ በሙሉ ኃይሏ ትበራለች። ጫፏ ብትዘገይ መስመሩ ይጎብጣል፤ ማዕከሉ ቢንሸራተት ሁሉም ይናጋል። ተመልካች የሚያየው ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። የማን ድካም እንደሆነ አይለይም።

መስቀለኛው ማለፊያ ደግሞ አለ፤ ሁለት መስመሮች ፊት ለፊት መጥተው አንዱ በሌላው ክፍተት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ዓይን የሚያምነው የራስን እግር ሳይሆን የሌላውን ሰው ቃል ነው። ልጅ ቢወድቅ ተነሥቶ ይስቃል፤ የ50 ዓመት ሰው ግን ነገ ጠዋት ሥራ አለበት፤ አጥንቱም ቶሎ አይጠገንም። ይህን እያወቀ ወደ ክፍተቱ የሚገባ ሰው ድፍረቱ ከወጣቷ ዝላይ ያንሳል የሚለኝ ካለ አልሰማውም።

ኦሊምፒክ ግን እስከ 2026ቱ የሚላኖና ኮርቲና ጨዋታ ድረስ ይህን ስፖርት አልተቀበለም። በ2014 በሶቺ "የቡድን ውድድር" የሚል ምድብ ሲገባ እንኳ የተደረገው እያንዳንዱ ብቸኛና ጥንድ በየተራ ወጥቶ ነጥባቸውን መደመር ነው። ተያይዞ የሚወጣ የለም። በሒሳብ የተሠራ ኅብረት!

ጎልማሶቹ በዚህ ሙግት የሉበትም፤ በሩ ቢከፈት የሚገቡት ወጣቶቹ ናቸውና። የእነርሱ ሙግት ከሰዓት ጋር ነው። ቀኑን ሆኪውና ልጆቹ ስለሚይዙት፣ ብዙውን ጊዜ ለእነርሱ የሚተርፈው ጎሕ ሳይቀድ ያለው ሰዓት ወይም የመሸ ምሽት ነው። አንዷ ልጅ ታሞባት ብትቀር ሌላ ሰው በቦታዋ አይገባም፤ ያዙኝ ያለ እጅ እንደተዘረጋ፣ ክፍተቷ ከመንኰራኩሩ ጋር አብሮ ይዞራል።